ልጆቻችን ሳይሳፈሩ ይነገራቸው

ለ፦ የኢፌዴሪ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ በተማሪ ቪዛ የሚሄዱ ወጣቶች የሥራ ሕጉን አስቀድመው እንዲያውቁ ስለመጠየቅ

እኔም በተማሪ ቪዛ መጥቼ ዛሬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ነኝ። ባለፈው ዓመት ቤቴ ያረፈች የ19 ዓመት ልጅ ጉዳይ እንቅልፍ ቢነሳኝ ነው የምጽፍላችሁ። አባቷ ደሴ ያለ ቤታቸውን ሸጠው የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከፈሉላት። የቀረውን አዲስ አበባ ያለው ኤጀንሲ «አይስጉ፣ እዚያ እየሠራች ትከፍላለች» አላቸው። ልጅቷም በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ማታ ጣቶቿ በሳሙና ተላልጠው፣ ገንዘቡን በፖስታ ይዛ ትገባለች፤ መጽሐፍ ሳትገልጥ ትተኛለች።

ሕጉ ሌላ ነው። ኤፍ-1 በሚባለው የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የመጣ ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ መሥራት የሚችለው በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት፣ ያውም በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ከግቢ ውጭ በመርህ ደረጃ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ የሠራ የተማሪነት ሕጋዊነቱን ያጣል። በሌላ ምክንያት ያጣው ይመለስልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ለሠራ ግን ያ በር ዝግ ነው። ልጅቷ ይህን ከእኔ ስትሰማ ሦስት ወር ሠርታለች። አላለቀሰችም። «አባዬ እንዳይሰማ» ብቻ አለችኝ።

የብሩን ነገር ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ያጠራቀመ ወላጅ «ሠርታ ትከፍላለች» ሲባል ለምን አያምን?

አንድ የሚቆጨኝ ነገርም አለ። የአሜሪካ መንግሥት በአገራችን ቀውስ ሳቢያ ለተቸገሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከግቢ ውጭም፣ ከ20 ሰዓት በላይም እንዲሠሩ የሚያስችል ልዩ ፈቃድ አውጥቶ ነበር፤ ከዲሴምበር 12 ቀን 2022 እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.። ጊዜው ሳያልፍ፣ ወሬው ሳይደርሳቸው ትምህርት ያቋረጡ ልጆች አውቃለሁ።

ተማሪው የትምህርት ማስረጃውን ለማረጋገጥ ወደ እናንተ መስኮት ይመጣል። ማኅተሙ ሲመታለት አንድ ገጽ ወረቀት በሚገባው ቋንቋ ስጡት። እንደየአገሩ ይሁን፤ ካናዳ በትምህርት ወቅት ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ትፈቅዳለች፣ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን። ኤጀንሲዎችም የሚፈቀደውን ሰዓት ውል ላይ ጽፈው ወላጅ እንዲፈርምበት አስገድዷቸው።

የአሜሪካውን ገጽ በአማርኛ አዘጋጅቼ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። በነሐሴ ትምህርት የሚጀምሩት ልጆች አሁን ሰነዳቸውን እያሟሉ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የቀድሞ ተማሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ