ለደሴ ከተማ ጤና መምሪያ፦ የሕፃናቱስ ሰገራ የት ይግባ?

ይድረስ ለደሴ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ነገሩ ምሳ ሰዓት ላይ የሚነበብ አይደለም፤ ቢሆንም ልጻፈው።

በሰፈራችን ትልቅ ሰው ደጅ ቢጸዳዳ ግቢው ሁሉ ይጮኽበታል። የሁለት ዓመት ሕፃን ከበሩ ጎን ቁጢጥ ሲል ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። «የልጅ ምን አለው?» ይባላል። የጡት ልጅማ ሽታውም ስለማይከብድ ጭራሽ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ተቅማጥ የሚያመጡ ተህዋስያን ግን በሕፃናት ሰገራ ውስጥ በብዛት አሉ፤ ያውም ልጁ ደህና ሆኖ እየተጫወተ። ከእነዚህ አንዱ ለሆነው ለሮታቫይረስ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቻችን ይከተባሉ፣ ተመስገን ነው። ሌሎቹን ጀርሞች ያ ክትባት አይነካቸውም።

ጎረቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። የቆሸሸው ጨርቅ ማስታጠቢያ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ውሃው ደጅ ያለው ቦይ ላይ ይደፋል። ማስታጠቢያው ለቅለቅ ይደረግና ማታ ጎመን ይታጠብበታል። ሴትዮዋን ሰነፍ እንዳትሏት፤ ቤቷ ውስጥ አቧራ አታገኙም። የልጁን ሰገራ ከሰገራ ስላልቆጠረችው ነው።

ሽንት ቤቱስ? በብዙ የኪራይ ግቢ ያለው አንድ ነው፣ ቁልፉም አከራይ ጋ ነው። ቀዳዳው ሰፊ፣ ውስጡ ጨለማ። ልጅሽን እዚያ ላይ አስቀምጪ ብትሉኝ እኔም እምቢ እላለሁ። ፖፖ ይዛ ልትደፋ የሄደችውንም «ጉድጓዱን ሞላችሁት» የሚል ፊት ይጠብቃታል። የሕፃን ነገር ስንት ሆኖ! ጉድጓድ የሚሞላው ዳይፐር ነው። ቶሎ አይበሰብስ፣ መምጠጫ መኪና ሲመጣ ቱቦ ይዘጋል። ቦይ ውስጥ የተጣለውን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ይከተዋል። ቦርከና ወዴት እንደሚወርድ ለእናንተ አይነገርም፤ ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ውሃ አትክልት የሚያለሙ አሉ።

ዋናው ልመናዬ ይሄ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ «እናትየዋ የለችም» ቢባሉም ይግቡ። እናት ሥራ ላይ ናት። ልጁን ቀኑን ሙሉ የምትይዘው አያት ናት፣ የቤት ሠራተኛ ናት፣ አንዳንዴም ከትምህርት ቤት የተመለሰች የአሥር ዓመት እህት። ሰገራውን የምታነሳዋም እሷው ናት። ፖፖው የት እንደሚደፋ፣ የታጠበበት ውሃም ሽንት ቤት እንደሚገባ፣ ከዚያ እጅ በሳሙና እንደሚታጠብ ለእሷ ያሳዩአት። ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

አከራዮችንም ሰብስቡልን። ተከራይ «ቁልፍ ይሰጠን፣ ቀዳዳውም ለልጅ እንዲሆን ይጥበብ» ቢል ኪራይ ይጨመርበታል። ከመምሪያው ሲመጣ ግን ይሰማል። ለዳይፐሩ ከቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ጋር ተነጋገሩ፤ ለብቻው ታስሮ ሲሰጣቸው ይውሰዱልን። ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ደግሞ እሰየው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደሴ ተከራይ እናት