ልብዎ ሲሻሻል እግርዎ ለምን ዘገየ?

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ያነሡብኝ ጥያቄ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ መጻፉን መረጥሁ። የልብ ድካም ሕመምዎን ለመከታተል በድምፅ ሞገድ የተደረገልዎ የኤኮ ምርመራ ልብዎ ከአምናው በተሻለ ኃይል ደም እንደሚረጭ እያሳየ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደው ዳገት ለምን እንደ ቀድሞው ታደክምዎታለች? ጎረቤት እርጅና ነው ይላል፤ እናታችን አርፈው ይቀመጡ ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ስንፍና እንዳይመስልብዎ ይሰጋሉ። እኔ በአንዱም አልስማማም።

ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረዋልና ከመሠረቱ ልጀምር። ጀርመናዊው አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1870 ባስቀመጠው መርሕ መሠረት፣ ሰውነት በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጅን በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ ልብ በደቂቃ በሚረጨው የደም መጠንና ጡንቻው ከዚያ ደም መጥጦ በሚያስቀረው ኦክስጅን። ኤኮው የሚነግረን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ያውም አልጋ ላይ ጋደም ብለው ሳለ። የጤነኛ ጎልማሳ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይረጫል፤ በብርቱ ሲሮጥ 20 ሊትር ሊደርስ ይችላል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን በዕረፍቱ ጊዜ ደህና መስሎ ሊታይ ቢችልም ዳገት ላይ ጭማሪው ቶሎ ያልቅበታል። ግድግዳው የደነደነ ልብ ደግሞ መጨመቁ ደህና ሆኖ ሳለ በቅጡ ስለማይሞላ፣ ግፊቱ ወደ ሳንባ ተመልሶ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሁለተኛውን ነው። ለረጅም ጊዜ በቂ ደም ሳያገኝ የቆየ የእግር ጡንቻ ራሱ ይለወጣል፤ ይሳሳል፣ ኃይል የሚያመነጩለት ሚቶኮንድሪያዎች ይቀንሳሉ፣ ቀስ ብለው ለረጅም ጊዜ መሥራት የሚችሉት የጡንቻ ክሮች እያነሱ ቶሎ የሚዝሉት ይበዛሉ። ሰውነት የደከመውን ልብ ለማገዝ ሲል አድሬናሊንንና መሰሎቹን ስለሚያበዛም ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጡንቻው በሚሠራበት ሰዓት እንኳ በሚፈለገው ልክ አይከፈቱም። እንዲህ ያለ ጡንቻ ጥቂት እንደተራመዱ አሲድ ያጠራቅማል፤ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚልከው ምልክትም ትንፋሽን ያፋጥናል። ስለዚህ ደረትዎ ላይ የሚሰማዎት የትንፋሽ ማጠር በከፊል ከእግርዎ የመጣ ነው፤ የልብ ሐኪም ሲያስረዳኝ እኔም መጀመሪያ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ለመተንፈስ የሚያገለግሉት ጡንቻዎች፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራምም ጭምር፣ በዚሁ ሕመም ይዳከማሉ።

መድኃኒቱ ልብን በወራት ውስጥ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ጡንቻው ግን ካልሠራ ወደ ቀድሞ አቅሙ አይመለስም። ክረምቱን ሳይጠመድ የከረመ በሬ የመጀመሪያው ትልም እንደሚያዝለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእርስዎ ጡንቻ በመቀመጥ ብቻ ሳይሆን በሕመሙም ጭምር መጎዳቱ ነው፤ ስለዚህ ስንፍና የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አያንሡብኝ። በእናታችንም አይፍረዱ፤ ቀደም ባለው ጊዜ ሐኪሞች ራሳቸው ለልብ ድካም ዕረፍት ያዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የወጣውና 2,331 ሕሙማንን ያካተተው ትልቅ ጥናት ግን ሕመማቸው ለተረጋጋላቸው ሰዎች በክትትል የሚደረግ እንቅስቃሴ አስጊ አለመሆኑን፣ ኑሯቸውንም በመጠኑ ማሻሻሉን አሳይቷል። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ተአምር እንዲጠብቁ አልፈልግም።

የደብረ ብርሃንንም ከፍታ አይርሱ። ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ሰውነትዎ ለምዶታል፤ ትርፍ የሚባል ነገር ግን አይተውልዎትም።

ስለዚህ ሐኪምዎ ከፈቀዱ ዳገቱን ለጊዜው ትተው በሜዳው መንገድ ይጀምሩ፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰውነትዎ ሲለምድ ቀስ በቀስ ይጨምሩበት። የሚወስዱት ቤታ ብሎከር የተባለው መድኃኒት የልብ ምት እንዳይፈጥን ስለሚይዝ ምት እየቆጠሩ ልኩን ማወቅ ያስቸግራል፤ ይልቅ እየሄዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብዎ መናገር ከቻሉ ልኩ እሱ ነው። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙ፤ ካልተወዎት ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደትዎ 2 ኪሎ ያህል ከጨመረ ወይም እግርዎ ካበጠ ደግሞ ውኃ መያዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዞውን ትተው በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ያሳውቁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ የብረት እጥረት በጣም የተለመደ ነው፤ የደም ማነስ ሳይኖርም ጡንቻን ያዳክማል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚለካው ፌሪቲን የሚባለው የደም ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ሐኪሙን ይጠይቁልኝ፤ ውጤቱንም እንደደረሰዎት በስልክ ያንብቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ