የልጆች ምርመራ ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን ስለመቀየሩ ለደንበኞቻችን

ውድ ወላጆች፣

ካለፈው ወር ጀምሮ የልጆችን የትኩረትና የንባብ ችግር ምርመራ በአንድ ቀን መጨረስ ትተናል። አሁን ሦስት ቀጠሮ ነው። ዋጋውም ጨምሯል። ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። «ለገንዘብ ብለው ነው የሚያመላልሱን» መባሉንም ሰምቻለሁ። ከልቤ ከፋኝ።

ከደባርቅ ሌሊት ተነስታ ልጇን ይዛ የመጣችውን እናት ቀድመን አልነገርናትም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ።

ውሳኔውን ግን አልቀይረውም።

ልጁ «ቀልቡ አይሰበሰብም» ተብሎ ይመጣል። የትኩረት ችግር አለበት ለማለት ምልክቶቹ ከ12 ዓመቱ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው። ሁለት ሰዓት አብሬው ተቀምጬ ይህን ከየት አመጣዋለሁ? አስተማሪውን መጠየቅ አለብኝ። ዓይኑና ጆሮውም መታየት አለባቸው። ሰሌዳው የማይታየው ልጅም ፈዛዛ ይመስላል።

የንባቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ አላቸው፤ በጠቅላላው 231። ሰ ከሸ፣ ሉ ከሊ የሚምታታበት ልጅ የንባብ ችግር አለበት ወይስ የሚያስተምረው አጥቶ ነው? በእኛ አካባቢ ትምህርት ተቋርጦበት የከረመ ስንት ልጅ አለ! ያልተማረውን ልጅ «መማር ይከብደዋል» ብዬ ብጽፍበት ያ ወረቀት አብሮት ያድጋል። የልጁን የማሰብ ችሎታ የምንለካበት የዌክስለር መለኪያችንም ነጥቡ የሚሰላው ከአሜሪካ ልጆች ጋር ተነጻጽሮ ነው። በቁጥሩ ብቻ የጎንደር ልጅ ላይ አልፈርድም። ደብተሩን አያለሁ፣ በአማርኛ አስነብበዋለሁ፣ እናንተን አናግራለሁ። ይህ ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ተማሪ ነበረኝ። በቃል ስጠይቀው ሁሉን ይመልሳል፤ ጻፍ ሲባል ወረቀቱ ባዶ ነው። በጓደኞቹ ፊት «ሰነፍ» አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ተወ። ፒያሳ ላይ በአንዲት ክፍል ይህን ሥራ የጀመርኩት እሱን እያሰብኩ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የዌክስለር መለኪያው የመልስ መመዝገቢያ ወረቀት የሚገዛው በዶላር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ኮፒ አይፈቀድም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ኪራዩን እናንተም ታውቁታላችሁ። እስከቻልኩ ድረስ ዋጋ ሳልነካ ቆይቻለሁ።

ከለውጡ በፊት የተመዘገባችሁ በድሮው ዋጋ ትጨርሳላችሁ። ከከተማ ውጭ ለምትመጡ ሁለቱን ቀጠሮዎች በተከታታይ ቀናት እናደርጋለን፤ ሦስተኛውን በስልክ። የከበዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩብን፤ ደውሉልን፣ እንነጋገር።

ስትመጡ የልጁን ደብተሮች አትርሱ፤ የአምናውንም ጭምር።