«መቼ ጀመራት?» ላልከኝ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አለሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። «እማዬ እንዴት ናት?» ማለትህ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ የምመልሰው አልነበረኝም። ስልክህን እያየሁ ስንት ጊዜ ዝም እንዳልኩ ብነግርህ ታፍርብኛለህ።

መጨረሻ ስንገናኝ ስለ እማዬ አልዛይመር፣ ስለዚያ የመርሳት በሽታ፣ «ግን መቼ ነው የጀመራት?» ብለኸኝ ነበር። መነጽሯን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ያገኘሁበትን ቀን ነገርኩህ። ተሳስቼ ነበር። ሌሊት አጠገቧ ተቀምጬ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው የገባኝ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ሴሎቹ በዚያ ኦክስጅን ጉልበት ሲያመርቱ እንደ እሳት ፍንጣሪ የሚያመልጡ ሞለኪውሎች አሉ። የሴሉ መመሪያ በአራት ኬሚካል «ፊደላት» የተጻፈበት ዲኤንኤ ላይ ሲያርፉ፣ ከአራቱ ቶሎ የሚጎዳው ጉዋኒን የሚባለው ነው፤ ከተጎዳ በኋላ 8-ኦክሶጉዋኒን ይሉታል። ክፋቱ ምን መሰለህ? ሳይቶሲን ከሚባለው ጥንድ ፊደሉ ጋር መጣመር ሲገባው አዴኒን የሚባለውን ሌላ ፊደል ይዞ ቁጭ ይላል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እማዬም እኔን በሟቹ አጎቴ ስም መጥራት ጀምራ ነበርና።

ጠጋኝ ኢንዛይሞች አሉ፤ የተበላሸውን ፊደል ነቅለው ያወጣሉ። ግን የአንጎል ነርቭ ሴል እንደ ቆዳ ሴል እየተከፈለ አይታደስም፤ ጥገናው የሳተውን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል።

ከዲኤንኤ የሚቀዳው የመመሪያ ቅጂ፣ አርኤንኤው፣ ደግሞ ይብሳል፤ ነጠላ ክር ስለሆነ እንደ ዲኤንኤ የሚከልለው የለም። ተመራማሪዎች በአልዛይመር የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲያዩ ጉዳቱን በብዛት ያገኙት እሱ ላይ ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናት ነው። ጉዳቱ በርትቶ የሚታየው በሽታው ገና ሲጀምር ነው፤ አልዛይመር ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ፕሮቲን፣ አሚሎይድ፣ አንጎል ውስጥ እየተከማቸ ሲሄድ ጭራሽ ይቀንሳል። ቤቱን አቃጥሎ የጨረሰ እሳት ማለት ነው።

እንግዲህ መነጽሩ መጀመሪያው አልነበረም። ያን ክረምት የሁላችንንም ስልክ ቁጥር በቃሏ እየደወለች ስትሰበስበን፣ ውስጥ ውስጡን ተጀምሮ ይሆናል።

ያመጣህላትን ቫይታሚን ኢ ለረጅም ጊዜ ሰጥቻታለሁ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ ፍንጣሪውን ያጠፋል ተብሎ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት፣ መጠነኛ የመርሳት ችግር ላለባቸው ሰዎች በቀን 2000 ዩኒት ለሦስት ዓመት ቢሰጥም ወደ አልዛይመር ከመሸጋገር አላዳናቸውም። ሐኪሟን አማክሬ አቆምኩት። ጠርሙሱን ግን አልጣልኩትም፤ ክዳኑ ላይ «ጠዋት» ብለህ የጻፍከው አለበት።

እሁድ ደውል። ካነሳችው «አወቅሽኝ?» አትበላት፣ ትጨነቃለች። ዝም ብለህ አውራት።