የውሻ ስም በቧንቧ ውሃ ሰፈር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ባወጣችሁት እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ለቡችላቸው ስም ማውጣት የቸገራቸው ቤተሰቦች ከታዋቂ ውሾችና ከታዋቂ ሰዎች ስም እየመረጡ እንዲሰይሙ የሚመክር አጭር ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ስለ ውሻ የሚጽፍ ሰው በመገኘቱ ደስ ቢለኝም፣ ምክሩ በግማሹ ለእኛ አገር የማይሆን ስለመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። የታዋቂ ውሻን ስም መዋስ ምንም ክፋት የለውም። የሰውን ስም፣ ያውም የታዋቂ ሰውን ስም ለውሻ መስጠት ግን፣ ቢያንስ እኔ በምኖርበት በደሴ ከተማ፣ ግቢና ግቢ በአንድ ግድግዳ በሚዋሰኑበት ሰፈር፣ ምን ዓይነት ጣጣ እንደሚያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ ሲመለስ አንዲት ቡናማ ቡችላ በካርቶን ይዞ መጣ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ የእግር ኳስ ነገር የሚያሳብዳቸው ናቸውና ውለው ሳያድሩ «ሜሲ» አሏት፤ ቡችላዋ ሴት መሆኗ አላሳሰባቸውም። ስሙ ግን በሰፈሩ አፍ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ላልቶ «መሲ» ሆነ። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ መሠረት የምትባል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰፈርተኛው ሁሉ በቁልምጫ መሲ እያለ የሚጠራት ወጣት አለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ቡና እየቆሉ ሳለ፣ ከወዲያኛው ግቢ የሹፌሩ ሚስት ድምፅ፣ «መሲ! ነይ ውጪ ከማጀት! ሊጡን ልሰሽ ጨረስሽው እኮ፣ አንቺ ሌባ!» ሲል ተሰማ። እትዬ ቡናውን ምጣዱ ላይ እንዳለ ትተው፣ ማማሰያውን በእጃቸው እንደያዙ የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ። ጉዳዩ ሲገለጥ ሁሉም ሳቀ፤ መሠረት ግን አልሳቀችም። ቡናው አርሮ ስለነበር እንደገና ተቆልቶ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቶ ይቅር ከተባባሉ በኋላ እንኳ፣ ልጅቷ በዚያ በር ስታልፍ ለብዙ ቀን ፊቷን ታዞር ነበር። (የአርጀንቲናው ተጫዋች ራሱ ትልቁን ውሻውን ሀልክ ብሎ እንደሰየመው ልብ ይሏል። ሀልክ አረንጓዴ የተረት ግዙፍ ፍጡር ስለሆነ፣ ስሜን አነሡት ብሎ ማማሰያ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት የለውም።)

ወደ ታዋቂዎቹ ውሾች ልመለስ። የእነዚህ ውሾች ስም ከየት እንደመጣ ስንመረምር፣ አብዛኛው ያለ ብዙ መጨነቅ የወጣ ተራ ስም ሆኖ እናገኘዋለን። በቶኪዮ የሺቡያ ባቡር ጣቢያ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጌታው ኡኤኖ በ1917 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሳሉ በድንገት ካረፉ በኋላ፣ እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ ከዘጠኝ ዓመት በላይ እየተመላለሰ የጠበቃቸው ሃቺኮ፣ ስሙ የተገኘው «ሃቺ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም ስምንት ቁጥር ማለት ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1950 ዓ.ም. በስፑትኒክ ሁለት መንኩራኩር ወደ ጠፈር የተላከችው ላይካ ደግሞ ከሞስኮ ጎዳና የተለቀመች ባለቤት የለሽ ውሻ ነበረች። የመጀመሪያ ስሟ በሩሲያኛ «ጸጉረ ጥቅልል» እንደማለት ነበር፤ ዓለም ያወቃት ላይካ የሚለው ስሟም ከመጮኽ የመጣ ስለሆነ፣ «ጯሂት» ብለን ብንተረጉመው አንሳሳትም። ስምንትና ጯሂት! ለእነዚህ ሁለት እንስሳት ክብር ያመጣላቸው ስማቸው አይደለም፤ ስሞቹን ያከበሯቸው እነርሱ ናቸው።

በእርግጥ ከሰው ስም የተወረሰላቸው ታዋቂ ውሾችም አሉ፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ለክርክሬ ያደላሁ ይመስልብኛል። በጥር 1917 ዓ.ም. በአላስካ ኖም በተባለች ከተማ ዲፍቴሪያ የተባለው የጉሮሮ በሽታ ገብቶ ሕፃናትን ሲያሰጋ፣ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን በረዷማ መንገድ እየተቀባበሉ ስድስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ካደረሱት የበረዶ ጋሪ ውሾች መካከል፣ ቶጎ ስሙን ያገኘው ከጃፓኑ አድሚራል ቶጎ ሲሆን፣ ባልቶ ደግሞ ሳሙኤል ባልቶ ከተባለው የሰሜን አውሮፓ ሳሚ ተጓዥ ነው። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የመራው ቶጎ ነበር፤ የመጨረሻውን ርቀት መርቶ ከተማዋ የደረሰው ግን ባልቶ ስለነበር፣ በኒው ዮርክ ሐውልት የቆመለት ባልቶ ሆነ። (የደከመው ሌላ፣ የተመሰገነው ሌላ ሲሆን በውሻም ዘንድ እንዳለ ከዚህ እንረዳለን።) በዚያ አገር ልማድ አድሚራሉም ሆነ ተጓዡ በዚህ አልተዋረዱም፤ እንዲያውም እንደ መታሰቢያ ተቆጥሮላቸዋል።

በአማርኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ ቋንቋ አንድን ሰው «ውሻ» ያለ፣ ከዚያ በላይ የሚለው የስድብ ቃል የለውም። ስለዚህ የሰው ስም ወደ ውሻ ሲወርድ፣ ስም አውጪው በልቡ አድናቆት ቢኖረውም፣ የሚሰማው ጆሮ የሚሰማው አድናቆቱን አይደለም። የምንጠላውን ባለሥልጣን ስም ለውሻ ማውጣትም ቢሆን፣ ጥቂት ወዳጆችን ለአንድ ምሽት ከማሳቅ በቀር፣ ምንም የማያውቀውን እንስሳ የሌላ ሰው ጠብ ተሸካሚ ያደርገዋል። ቤተ መንግሥቱም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ የቺዋዋ ዝርያ ውሻ ስሟ ሉሉ ነበር። ለአማርኛ ጆሮ ከሉል ጋር የሚቀራረብ፣ ለአፍ የሚቀል፣ ከመኳንንቱም ከወይዛዝርቱም ማንንም የማይነካ ስም ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፋችሁ ያልነካውን፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝን ነገር ላንሣ። አባቶቻችን ይህን የስም መንገድ ያውቁት ነበር፤ የሄዱበት ግን በተገላቢጦሽ ነው። የሰውን ስም ለእንስሳ በመስጠት ፈንታ የእንስሳውን ስም ለሰው ሰጡ። የፈረስ ስም የምንለው ይህ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ሲባሉ፣ የታጠቅ፣ የበዝብዝ፣ የዳኘው፣ የነጋ፣ የጠቅል ጌታ መባላቸው ነው። የእኛው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱም አባ ጤና ነበሩ። ሰውየው በፈረሱ ስም ሲጠራና ሲፎከርለት ይኮራ ነበር እንጂ አይቆጣም። ታዲያ እነዚህን ስሞች ለውሻ እናውጣ ማለቴ አይደለም፤ አባ ሻንቆ በነገሡበት፣ የአይጠየፍ አዳራሻቸው ቆሞ በሚታይበት ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ብናገር እኔም ማማሰያ ይነሣብኛል። ልንወስድ የሚገባን አሠራሩን ነው። ሁሉም አጭር ናቸው፤ ከመካከላቸውም የትእዛዝ ቃል የሆኑ አሉ፤ ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል። በዚህ መንገድ ለግቢ ጠባቂ ውሻ «ንቃ» ወይም «አለሁ» ብሎ ማውጣት፣ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ሬክስና ታይገር ይልቅ ለእኛ አንደበት የቀረበ ይሆናል።

በወሎ ስም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩና፣ ከደሴ አቅራቢያ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው በአዲስ ስም የተጠሩ ሰው ናቸው፤ ስም መለወጥ ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሚለውጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ዛሬም በአንድ ቤት የልጁ ስም የክርስቲያን፣ የአያቱ ስም የሙስሊም ሆኖ የሚገኘው በወሎ ነው። በዚህ ምክንያት ለውሻ የሚወጣ ማንኛውም የሰው ስም፣ ከየትኛውም ወገን ቢመረጥ፣ የአንዱን ጎረቤት አያት ሳይነካ አያልፍም። ነገር ግን ሁለቱም እምነቶች የተመሰገነ ውሻ አላቸው። ቁርኣን በሱረቱል ካህፍ የዋሻው ሰዎች ሲተኙ ውሻቸው የፊት እግሮቹን በደጃፉ ላይ ዘርግቶ እንደነበር ይናገራል፤ ስሙን ግን አይጠቅስም፤ ቂጥሚር ብለው የሰየሙት ተንታኞች ናቸው። በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ለጉዞ ሲነሣ ውሻው አብሮ እንደተከተላቸው ተጽፏል፤ ይኸኛውም ስም የለውም። ቂጥሚርን እንኳ ለቡችላቸው ለማውጣት ለሚያስቡ፣ አስቀድመው የሰፈሩን ሼህ ቢያማክሩ እመርጣለሁ፤ በመጽሐፍ የተወሳን ነገር በየደጁ መጣራት ሁሉም ደስ የሚሰኝበት አይደለም።

ስለ አመራረጡ ከራሴ ልምድ ጥቂት ልጨምር። ውሻ ረጅም ስም አይዝም፤ ሁለት ክፍለ ቃል ያለው፣ ጠንከር ያለ ድምፅ የሚሰማበት ስም ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ ከምናዘው ቃል ጋር መምታታት የለበትም። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመሬት ክርክር ከተኳረፏቸው ሰው ጋር በነበሩበት ዘመን ለውሻቸው «ተው በለው» የሚል ስም አውጥተው ነበር። መልእክቱ ለባላጋራቸው ነበር፤ ባላጋራው በበራቸው ባለፈ ቁጥር ውሻቸውን ጮክ ብለው ይጠሩታል። ምስኪኑ ውሻ ግን የስሙን ግማሽ «ተው» ሲሉት ቆሞ፣ ሌላውን ግማሽ «በለው» ሲሉት እየዘለለ፣ ሙሉ ስሙ ሲጠራ ጆሮውን ጥሎ በመካከል ይቀር ነበር። በልጅነቴ ይህን እያየሁ ብዙ ሥቄያለሁ። አሁን ሳስበው፣ ውሻው ያልገባበትን ክርክር የተሸከመ የመጀመሪያው ፍጡር እርሱ ነበር ለማለት ይዳዳኛል።

ወደ ሹፌሩ ቤት ልመለስና ላብቃ። ከቡናው ዕርቅ በኋላ ቡችላዋ ስም አጥታ ስለሰነበተች፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና አዲስ ስም እንዳወጣላት ቤተሰቡ ጠየቀኝ። እኔ «ሚሌ» አልኩ፤ ከወሎ ደጋ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ስም ነው፤ አጭር ነው፤ ለሴትም ይሆናል። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲወርድ የሚያድርባት የሚሌ ከተማ እንዳለች፣ እዚያም የሚያከብሩት ወዳጆች እንዳሉት ነገረኝ። «ባቲ» ብልስ? የባቲ ሰዎችም ሰዎች ናቸው፤ ለዜማውም ክብር አለን። በመጨረሻ ትልቁ ልጅ በመስኮት ወደ ላይ አየና «ጦሳ» አለ። ተራራ አይቀየምም። ስሙ ሁለት ክፍለ ቃል አለው፤ በደሴ ውስጥ ጦሳ ተብሎ የሚጠራ ጎረቤትም እኔ እስከማውቀው የለም። በጃፓን ቶሳ የሚባል ታዋቂ ግዙፍ የውሻ ዝርያ መኖሩን ለልጆቹ ብነግራቸው፣ የታዋቂ ውሻ ስም ያለ ልፋት አገኘን ብለው ጨፈሩ። ስለዚህ የጽሑፋችሁም ምክር በግማሹ ተፈጸመ ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ጦሳን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለማስከተብ ሹፌሩ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሲወስዳት እኔም አብሬው ነበርኩ። ካርድ የሚሞላው ወጣት ስሟን ጠየቀ፤ ነገርነው፤ ቀና ብሎ በመስኮቱ ተራራውን አይቶ ጻፈ። ከዚያም እንደ ለመደው እስክሪብቶውን ሳያነሣ፣ «የአባት ስም?» አለ። ሹፌሩ ትንሽ አሰበና፣ «እኛ ጋ የመጣችው በካርቶን ነው፤ አባቷን አናውቀውም» ሲል መለሰ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ መምህር
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ