ለአባባ፣ ስለ ጅግራው

ይድረስ ለምወድዎት አባባ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ብርድ በርትቷል። ትልቁ የልጅ ልጅዎ ከቁርኣን ጁዝ ዐማን ጨርሷል፤ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እርስዎን ቁርጥ ትመስላለች።

እህቴ እንደነገረችኝ ጅግራ አምሮዎት የጎረቤት ልጆች ቢያመጡልዎትም ማኘክ አቅቶዎት ተዉት። ጥርስዎን ብቻ አይውቀሱ። የዱር ሥጋ ብዙ ሞራ የለውም፤ ለሰባ በግ በሚነደው እሳት ከተጣደ ውሃውን ጨርሶ ገመድ ይሆናል።

እህቴ የጅግራውን ፈረሰኛና እግር ትለያቸው። ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ቅቤ ጨምራ፣ እግሩን በለሰለሰ ፍም ላይ ከድና ሁለት ሰዓት ታቆየው፤ እንዳይንተከተክ። ጅማት የሚቀልጠው ከ70 ዲግሪ በላይ ቀስ ብሎ ሲቆይ ነው። ፈረሰኛው ግን ብዙ ጅማት የለውም፤ ከ65 ዲግሪ ካለፈ ውሃውን በብዛት ይለቃል። ስለዚህ ወጡ ሊወርድ ሲል ይግባ፤ መሀሉ መቅላቱን እንደተወ ይውረድ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እኔ ሰዓቱን አስረዝማለሁ፤ እርስዎ ያሉበት ሐርቡ ግን ቆላ ነውና ይፈጥናል። ከማታው ጨው ቢነሰነስበት ሥጋው ውሃውን ይይዝ ነበር፤ ለግፊትዎ ስለተከለከለ ይቅር፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል።

ክኒኑንስ? ራስ ምታቱ ሲተውዎ ያቆሙታል አሉኝ። ግፊት እኮ ራስ ሳያምም ነው የሚጎዳው!

አባባ፣ ለእማዬ ይህን የነገራት አልነበረም። ያደኑትን ሁሉ በአንድ ድስት ትጥደዋለች፤ «አልደረሰም ወይ?» እያሉ ሲያጣድፏት እሳቱን ታነድበታለች። ደርቆ ሲቀርብ በእንግዳ ፊት ትሪውን ገፍተው «እጅ የላትም» አሉ። የሠርግ ወጥ ያለ እሷ የማይሠራባት ሴት ጓዳ ገብታ ጦሟን አደረች። ከዚያ ወዲህ የዱር ሥጋ አፏ አልገባም። እርስዎ ልብ አላሉት ይሆናል፤ እኔ ግን ማጀት ውስጥ ነበርኩ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የሥጋው ጠባይ ነው፣ ደግሞም የእርስዎ ጥድፊያ።

ማረሻ ጥለው እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አላህ ይስጥልኝ። ይህ ግን ከሆዴ አልወጣም። በሕይወት ሳለች ቢሏት ደግ ነበር፤ አሁንም ዱዓ ሲያደርጉላት አውፍ በይኝ ይበሏት። ለእኔም ይንገሩኝ፤ ከአፍዎ መስማት እፈልጋለሁ።

ልጆቹን ከእንግዲህ ለጅግራ አይላኳቸው፤ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። የፍየል ጭን እንደ እግሩ አድርጋ ቀስ ብላ ብታበስለው ይለሰልስልዎታል። ክኒኑንና ኮረሪማውን ሐሙስ በሚኒባስ እልካለሁ። ከጁምዓ ሲመለሱ እደውላለሁ፤ ስልኩን ለእህቴ አይስጧት፣ ራስዎ ያንሱት።

ልጅዎ፣ ከደሴ