ለሕክምና ዕቃ ግዢ ኃላፊው፦ ኤፕሮን ሁሉ አንድ አይደለም

የተከበሩ ኃላፊ፣

በማመልከቻ ጠየቅንዎት። ቢሮዎ ድረስ መጥተንም ነገርንዎት። ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉን አሁን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነኝ።

ለቀዶ ሕክምና ክፍል የገዙልን የእርሳስ (ሊድ ብረት) ኤፕሮን፣ ማለትም ከራጅ ጨረር ሊከላከለን የምንለብሰው፣ ከፊት ብቻ ይሸፍናል። ጀርባው ክፍት ነው። መከላከል አቅሙም የ0.25 ሚሊ ሜትር እርሳስ ያህል ነው። እኛ የጠየቅነው 0.5 ሆኖ ዙሪያውን የሚሸፍን ነበር። ያውም ሰደርያና ጉርድ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ፣ ክብደቱን ትከሻ ብቻውን እንዳይሸከመው። እርስዎ ግን «ያው ኤፕሮን ነው፣ ይሄኛው ረከሰ» አሉን።

ያው አይደለም። በቅርቡ ጭኑ የተሰበረ ገበሬ መጣ። አጥንቱ በብረት ሲያያዝ ሲ-አርሙ፣ ማለትም በቀዶ ሕክምናው መሃል ራጅ የሚያሳየው ማሽን፣ ደጋግሞ ይበራል። ጨረሩ የታካሚው ገላ ላይ አርፎ በየአቅጣጫው ይበተናል። በዋናነት እኛን የሚያገኘን ይሄ የተበተነው ነው። ዕቃ የምታቀብለው ነርስ ነፍሰ ጡር ናት። መሰርሰሪያውን ልታነሳ ወደ ጠረጴዛው ስትዞር ጀርባዋን ለታካሚው ሰጠች። ከኋላዋ ከስስ ጨርቅ በቀር ምንም የለም። ሐኪሙ «ምስል!» አለኝ። እግሬ ጨረሩን የሚያበራው ፔዳል ላይ ነው። «ቆይ፣ ትዙር!» ብዬ ጮህኩ። በሽተኛው ተከፍቶ እየጠበቀ፣ እኛ የአንዲት እናት ጀርባ እንጠብቃለን። ይሄ ሥራ ነው?

የጨረር መከላከያ አዋጁን፣ ቁጥር 1025/2009ን፣ እርስዎ ያውቁታል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ደግሞ ሠራተኛዋ ማርገዟን ካሳወቀች እስክትወልድ ድረስ ፅንሱን ከ1 ሚሊ ሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በላይ ጨረር እንዳያገኘው ያዛል። ይህን በባዶ ጀርባ እንዴት እንጠብቀው?

የድሮዎቹን ልበሱ እንዳይሉን። መስቀያ ስላልተገዛ እንደ ጋቢ ታጥፈው ስቶር ውስጥ ከረሙ። ራጅ ስናነሳቸው እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቀዋል። ከላይ ጨርቁ ደህና ነው፣ ስንጥቁ በዓይን አይታይም።

በጀት አነሰ ካሉ መንገድ አለው። 0.25 የሆነውን፣ ግን ዙሪያውን ሸፍኖ ፊት ለፊት የሚደራረበውን ይግዙ። ሲደረብ ከፊት 0.5 ይሆናል። በየልካችን ይሁን፤ ለቀጭን ሰው ሰፊ ኤፕሮን ብብት ስር ክፍተት ይተዋል። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ዝርዝሩን ለባሾቹ እንየው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ነፍሰ ጡሯ ባልደረባችን ሲ-አርም ያለበት ክፍል እንዳትመደብ ዛሬውኑ በእርስዎ ፊርማ ደብዳቤ ይውጣ።